የኻላ አማና



ለንደን የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። ታናሽ እህቴ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ሁለተኛ ልጇን ተገላግላ ነበርና አራስ ልጠይቅ፣ ገንፎ ላገነፋ፣ ሕፃኑን ተቀብዬ እሷን ለጥቂት ሰዓት ላስተኛ ብዬ ነው። በሻንጣዬ የገብስ ዱቄት፣ አብሽና በርበሬ ይዤ ነበር። ከዚያ ጉዞ በልቤ ቀርቶ ዛሬም የሚመላለሰው ግን የከተማው ድልድይ ወይም ሰዓቱ አይደለም። መስኮት ሥር የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ተክል ናት።

እህቴ የምትኖረው በምሥራቅ ለንደን፣ ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። አካባቢው የባንግላዴሽ ሙስሊሞች የበዙበት ነው። በዋናው መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 የተከፈተው የምሥራቅ ለንደን መስጊድ አለ። በዚያ ሰፈር አንድ የእኛ አገር ሰው ብዙ ባይተዋርነት አይሰማውም። ሻሽ የጠቀለለች እናት፣ ጀለቢያ የለበሰ ሽማግሌ፣ የቅመም ሽታ የሚወጣበት ሱቅ በየመታጠፊያው ይገኛል።

የእህቴ የቅርብ ጎረቤት በዕድሜ የገፉ የሲልሄት ተወላጅ ናቸው። እህቴ «ኻላ» እያለች ትጠራቸዋለች። ቃሉ በዐረብኛም በእሳቸው ቋንቋም የእናት እህት ማለት ነው። ኻላ እህቴ ከመውለዷ ጥቂት ቀደም ብሎ ዘመድ ሊጠይቁ አገራቸው ሄዱ። ሲሄዱም ለብዙ ዓመታት ያሳደጓትን ተክል አምጥተው እህቴ እጅ ላይ አኖሩ። የኻላ እንግሊዝኛ ጥቂት ነው፤ የእህቴ ቤንጋሊ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ኻላ ሁለቱም የሚያውቁትን አንድ ቃል ተናገሩ፤ «አማና» አሉ። ከዚያም አመልካች ጣታቸውን ወደ ላይ አንስተው አሳዩ፤ መልሰውም ወደ መትከያው አፈር ጠቆሙ። እህቴ «በቀን አንድ ጊዜ አጠጫት ማለታቸው ነው» ብላ ተረዳችው።

እኔ ስደርስ ተክሏ ልትሞት ተቃርባ ነበር። ግማሽ ቅጠሏ ቢጫ ሆኗል። የቀረው ዳር ዳሩ ተጠብሶ እንደ ደረቅ ትምባሆ ተጠቅልሏል። ግንዶቿ ከሥር ለስልሰው ተዝለፍልፈዋል። የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ እጄን ይዞ ወሰደኝና፣

«አክስቴ፣ በፊት መግሪብ ሲደርስ ከእኛ ጋር ትሰግድ ነበር። አሁን መስገድ ተወች» አለኝ።

እህቴ ከአልጋዋ ሆና ሰማችው። ምንም ሳትናገር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በኋላ ልጁ ሲተኛ፣ «እትዬ፣ የሰው አማና በእጄ ገደልኩ» ብላ አለቀሰች። ከወለደች ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች፤ ሁሉም ነገር የእሷ ጥፋት ይመስላታል። እኔም ገንፎውን ከማገንፋት ባሻገር ሌላ ሥራ እንዳለኝ ያን ቀን ገባኝ።

ስሟና አገሯ

እንግሊዞች ይህችን ተክል «ፕሬየር ፕላንት» ይሏታል፤ የጸሎት ተክል እንደ ማለት ነው። የሳይንስ ስሟ ማራንታ ሌውኮኒዩራ ነው። ማራንታ የሚለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረ ባርቶሎሜዮ ማራንታ ከሚባል ጣሊያናዊ ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ የተወሰደ ነው። ሁለተኛው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ቅጠሏ ነጣ ያሉ ጅማቶች እንዳሉት ይገልጻል። የኻላ ዓይነቷ በአረንጓዴው ቅጠል ላይ ግራና ቀኝ የተደረደረ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አላት፤ ጥንቸል ረግጣው ያለፈች ይመስላል። ቀን ቅጠሎቿን እንደ ተዘረጋ መዳፍ አነጥፋ ትውላለች፤ ሲመሽ ወደ ላይ አንስታ ታጥፋቸዋለች። ስሟም ከዚሁ የመጣ ነው።

አገሯ ብራዚል ነው። በዚያ ጫካ ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ መሬት ለመሬት እየተንሰራፋች ትኖራለች። ፀሐይ ቅጠል ለቅጠል ተጣርታ ካልሆነ በቀር በቀጥታ አታገኛትም። አየሩ እርጥብ ነው፤ አፈሩ የወደቀ ቅጠል የተከመረበት፣ ውኃ የሚያሳልፍና አየር ያለው ነው። ቀኑና ሌሊቱም ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይበላለጥም።

በዚህስ እኛም ዘመዶቿ ነን። አዲስ አበባ ላይ የመግሪብ ሰዓት በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው። ለንደን ላይ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ገና ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ በሰኔ ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። እኔ በነበርኩበት ጥር ወር ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ እንደ ተቆጡ ልጆች እየተከታተሉ ይመጡ ነበር። ውዱዕ አድርገን ሳንደርቅ ሌላው ይገባል። ከወሎ የመጣች ሴትና ከብራዚል የመጣች ተክል ቀኑ ቢጠፋባቸው አይደንቅም።

የመስተዋቱ ጫካ

አንድ ቅዳሜ አባትየው ቤት ሲውል የእህቴን ልጅ ይዤ ወጣሁ። ከዋይትቻፕል በዲስትሪክት መስመር ባቡር ተሳፍረን፣ ከተማውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጠን ኪው ጋርደንስ ጣቢያ ወረድን። ኪው በዓለም ከታወቁት የዕፅዋት ማዕከሎች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሣሩ ላይ አመዳይ ተነጥፎ ነበር። የልጁ አፍንጫ ቀልቷል።

መጀመሪያ የገባነው ፓልም ሃውስ ወደሚባለው የመስተዋት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1848 ከብረትና ከመስተዋት የተሠራ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የተገለበጠ መርከብ ይመስላል። በሩን ስንከፍት መነጽሬ በእንፋሎት ተሸፈነ። ውጭ ጥር ነው፤ ውስጥ ደግሞ ዝናብ ያባራበት የቆላ ጫካ። እዚያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1775 ፍራንሲስ ማሰን የተባለ የኪው ሰው ከደቡብ አፍሪካ ያመጣት፣ ዘንባባ የምትመስል ተክል አለች። በመትከያ ውስጥ ከሚኖሩ የዓለም ተክሎች በዕድሜ አንጋፋዋ እንደሆነች ይነገርላታል። ግንዷ ተጋድሞ በብረት ምሰሶ ተደግፏል። የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ አየና፣ «ማን ነው ይህን ሁሉ ዓመት ያጠጣት?» ሲል ጠየቀ። እኔም አሰብኩት። አንዱ ለሌላው እያስረከበ ከ240 ዓመት በላይ ማለት ነው።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1987 ወደተከፈተው፣ አሥር ዓይነት የአየር ጠባይ በአንድ ጣሪያ ሥር ወደያዘው ፕሪንሰስ ኦቭ ዌልስ ወደሚባለው ቤት ሄድን። በእርጥቡ ክፍል ከማራንታ ወገን የሆኑ ተክሎችን ስናይ አንድ አትክልተኛ በጎማ ውኃ ይረጭ ነበር። የሚረጨው ግን ተክሎቹን ሳይሆን ወለሉን ነው። ገርሞኝ ጠየቅኩት። ውኃው ከሞቀው ወለል ላይ እየተነነ አየሩን እንደሚያረጥበው፣ ከጥንት ጀምሮ የመስተዋት ቤት ሠራተኞች የሚያደርጉት ነገር እንደሆነ ነገረኝ።

የኻላን ተክል ፎቶ ከስልኬ አሳየሁት። የት እንደተቀመጠች ጠየቀ። ከማሞቂያው በላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሚበራው መብራት አጠገብ አልኩት። በምን ያህል ጊዜ ትጠጣለች አለ። በየቀኑ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና፣

«ከሥር ሰጥማለች፣ ከላይ ተጠምታለች» አለኝ። «አፈሯ ጭቃ ሆኖ ሥሯ ትንፋሽ አጥቷል፤ ማሞቂያው ደግሞ ቅጠሏን ያደርቃል። ዳሯ ሲደርቅ ያያችሁ ጊዜ ውኃ ጨመራችሁላት። በመጀመሪያ መትከያውን አንሱና ክብደቱን እዩት። ከባድ ከሆነ ተዋት።»

ውድ አንባብያን፣ ስንቱን ነገር በፍርሃት አብዝተን እንደምናበላሽ ያን ጊዜ ታሰበኝ። እህቴ ቸልተኛ አልነበረችም። ተክሏን የጎዳት የአደራው ጭንቀት ነው።

ዶክተር ዋርድ ጎረቤታችን

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ተማርኩ። ከእህቴ ቤት በእግር ብዙ በማይርቀው ዌልክሎዝ አደባባይ፣ ናትናኤል ዋርድ የሚባል ሐኪም ይኖር ነበር። ሰውየው ፈርን የሚባሉትን ተክሎች ይወድ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን የለንደን የከሰል ጢስ ተክሎቹን ይገድልበታል። እ.ኤ.አ. በ1829 የቢራቢሮ ሙሽሬ በእርጥብ አፈር ላይ አድርጎ በብልቃጥ ውስጥ ዘግቶ አስቀመጠ። ቢራቢሮዋን ሲጠብቅ ሳለ በብልቃጡ ውስጥ ፈርንና ሣር በቅለው አገኘ። ከአፈሩ የተነነው ውኃ በመስተዋቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይወርድ ነበርና ተክሉ ማንም ሳያጠጣው ኖረ።

ዋርድ ከዚህ ተነሥቶ የመስተዋት ሣጥን አሠራ። እ.ኤ.አ. በ1833 ሁለት ሣጥን ተክል በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ላከ፤ ተክሎቹም ያን ሁሉ ወር ተጉዘው በደኅና ደረሱ። ከዚያ በኋላ ሻይ ከቻይና ወደ ሕንድ፣ የጎማ ዛፍ ችግኝም እ.ኤ.አ. በ1876 ከኪው ወደ ሲሎን የተሻገሩት በዚህ ዓይነት ሣጥን ነው። የጎማው ዘር ራሱ ከብራዚል የተወሰደ ነበር። ከአገር አገር የሚጓዘው ሁሉ በአማና የተሰጠ እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ለእኔ ግን የሐኪሙ ትምህርት አንድ ነው። እንግዳን ለማኖር ከአገሩ አየር ጥቂት መስጠት ያስፈልጋል።

በእርግጥ ትሰግዳለችን?

ከኪው ስንመለስ በባቡር ውስጥ ልጁ፣ «አክስቴ፣ እውነት ትሰግዳለች?» አለኝ። ልጅን መዋሸት አይገባምና የማውቀውን ነገርኩት።

ቅጠሉና ዘንጉ በሚገናኙበት ቦታ እንደ ጉልበት ያለች ትንሽ እብጠት አለች። ሲመሽ በአንደኛው ወገን ያሉት ሕዋሳት ውኃ ይሞላሉ፤ በሌላኛው ወገን ያሉት ይጎድላሉ። ቅጠሉም ይነሣል። ሲነጋ የሞላው ይጎድላል፣ የጎደለው ይሞላል፣ ቅጠሉ ይዘረጋል። ይህ እንቅስቃሴ በሌሎች ተክሎችም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1729 ደ ሜራን የተባለ ፈረንሳዊ ቅጠሏን የምታጥፍ ሌላ ተክል፣ ሚሞዛን፣ ጨለማ ውስጥ ቢያስቀምጣት ብርሃን ሳታይም በሰዓቷ እየተዘረጋችና እየታጠፈች ቀጠለች። ሰዓቱ በውስጧ አለ ማለት ነው። ቻርልስ ዳርዊንም ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተመው የተክሎች እንቅስቃሴ መጽሐፍ ስለ ቅጠሎች «እንቅልፍ» በሰፊው ጽፏል። መታጠፉ ቅጠሉን ከሌሊት ብርድ ይጠብቀዋል የሚል አስተያየት ነበረው። ምክንያቱ ላይ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም።

«የጸሎት ተክል» የሚለውን ስም ያወጣላት እጁን አጋጥሞ ሲጸልይ የኖረ የምዕራብ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ስናያት የተነሡ የዱዓ እጆች እናያለን። ሰው የሚያውቀውን ነው የሚያየው። ቁርኣን በሱረቱል ሐጅ ስለ ዛፎች ሱጁድ ይነግረናል፤ በሱረቱል ኢስራእ ደግሞ የፍጥረታትን ተስቢሕ እኛ እንደማናስተውለው ያስተምረናል። እንግዲህ ተክሏ ስለታጠፈች ሰገደች፣ ስላልታጠፈች ተወች ማለት የእኛ ሥራ አይደለም። ለልጁም፣ «ለጌታዋ ያላት ነገር በእሷና በእሱ መካከል ነው። እኛ የምናውቀው ሌሊቷን እንደወሰድንባት ነው፤ መብራቱን እናጥፋላት» አልኩት።

ሕክምናው

በዚያው ቀን ተክሏን ከመትከያው አወጣናት። የሸተተውንና የለሰለሰውን ሥር በንጹሕ መቀስ ቆርጠን ጣልን። ሥሯ ወደ ጥልቅ የማይወርድ ስለሆነ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ሰፋ ያለና ዝቅተኛ መትከያ ገዛን፤ ውኃ የሚያሳልፍ፣ የኮኮናት ቃጫ የተቀላቀለበት አፈር ሞላንበት። ከግንዶቿ ጤነኛ የሆኑትን ሦስት መርጠን ከአንጓው ዝቅ ብለን ቆረጥንና አንጓው እንዲጠልቅ አድርገን በውኃ ብርጭቆ ውስጥ አቆምናቸው። ይህ ዋናዋ ብትሞት እንኳ ዘሯ እንዳይጠፋ ነው።

አየሩ እርጥብ ስለሆነ መታጠቢያ ቤት ትቀመጥ ብዬ ነበር። እህቴ ግን መጸዳጃውም እዚያው ነውና፣ «የጸሎት ተክል የምትባልን ነገር እዚያ አላስገባም!» ብላ እምቢ አለች። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ወጥ ቤት፣ ማሰሮ ከሚፈላበት ራቅ ብሎ፣ ስስ መጋረጃ ባለበት መስኮት አጠገብ አኖርናት። ከሥሯም ጠጠርና ውኃ ያለበት ዝርግ ሳህን አደረግን፤ መትከያው በጠጠሩ ላይ እንጂ በውኃው ውስጥ አይቀመጥም። የለንደን የቧንቧ ውኃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ጀበናውን ሁሉ ነጭ ያለብሰዋል። እንዲህ ያለ ውኃ የቅጠሏን ጫፍ ያቃጥላልና በረንዳው ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጠን የዝናብ ውኃ አጠራቀምን። ለንደን በዝናብ አይታማም።

የመጨረሻው ሥራ መብራቱ ነበር። እህቴ ለሕፃኑ ብላ ሌሊቱን ሙሉ ሳሎኑንም መኝታ ቤቱንም አብርታ ታድር ነበር። «ሌሊት ሌሊት ይሁን» ብዬ ሁሉንም አጠፋሁና ኮሪደሩ ላይ አንዲት ደብዛዛ መብራት ተውኩ። ሕፃኑ ሲነሣ እኔ ተነሣሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተቆጣችኝ፤ በኋላ ግን እሷም ከወሊድ ወዲህ ያላገኘችውን እንቅልፍ መተኛት ጀመረች።

በዘጠነኛው ቀን መግሪብ ሰግደን ስናበቃ ልጁ ወደ ወጥ ቤት ሮጠ። ሁለት ቅጠሎች ብቻ ናቸው፤ ግን ተነሥተዋል። እናቱን ጠራት። ከአልጋዋ ወርዳ፣ ሕፃኑን እንዳቀፈች፣ በር ላይ ቆማ ብዙ አየቻቸው። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ይህች ተክል በእናንተም እጅ ከገባች ጥቂት ነገር ልብ በሉ። የእኛ ደጋ ፀሐይ ብርቱ ስለሆነ በቀጥታ አያግኛት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ይጎዳታል፤ ከ15 ዲግሪ በታች አትወድም፤ የሚስማማት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ያለው ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ ሊበዛበት ስለሚችል የዝናብ ውኃ ብታጠራቅሙላት ይሻላል። አየሩ ሲደርቅ ከቅጠሏ ሥር ድር የምታደራ ቀይ ነቁጥ የመሰለች ተባይ ትይዛታለች፤ ቅጠሏን ግራና ቀኝ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ለልጆችም ለድመትም መርዝ የላትም።

ኻላ ሲመለሱ

ኻላ የተመለሱት በየካቲት ነው። ደረጃው ላይ ድምፃቸውን ስንሰማ እህቴ ፊቷ ተለዋወጠ። ተክሏ በሕይወት አለች፤ ነገር ግን ከበፊቱ ሲሶዋ እንኳ አልቀረም። ኻላ ገቡ፣ ሕፃኑን ሳሙ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። እህቴ ተከትላቸው ሄደችና አንገቷን ደፍታ፣ «ኻላ፣ አማና...» ብላ መጨረስ አቃታት።

ኻላ ምንም አልመለሱም። አመልካች ጣታቸውን አነሡ። ከዚያ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ወደ አፈሩ አስገቡት፣ አወጡትና አሳዩን። አፈር ተጣብቆበታል። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ፤ ዛሬ አትጠጣም ማለታቸው ነው። ሲሄዱ ያሳዩት ጣት ይኸው ነበር። በቀን አንድ ጊዜም፣ በሳምንት አንድ ጊዜም አልነበረም።

ከዚያ ሦስቱን ብርጭቆዎች አዩ። ሥሮቹ ነጭ ክር መስለው ረዝመዋል። አንዱን ብርጭቆ አንሥተው እህቴ እጅ ላይ አኖሩ፤ ጣቶቿንም በእጃቸው በብርጭቆው ዙሪያ አጠፉላት። እንደገና ሁለቱም የሚያውቁትን አንድ ቃል ተናገሩ። ይህን ጊዜ ግን «አማና» አላሉም።

«ሀዲያ» አሉ።